ምዕራፍ ሰባት፦ ለእያንዳንዱ ቃል ዋስ

ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍል የወጣ የአንድ ዶክትሬት ጥናት አኅጽሮተ ጽሑፍ ለሙከራ ተመረጠ። የተመረጠበት ምክንያት ዘጠኝና ከዚያ በላይ ፊደል ያላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ስለበዙበት ነው። ሙከራውን የነደፈው ዳንኤል ኦፐንሃይመር በ2004 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ዶክትሬቱን የያዘ ተመራማሪ ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ረጃጅሞቹን ቃላት እያወጣ በአጫጭር አቻዎቻቸው ተካቸው፤ ሐሳቡንና የዓረፍተ ነገሩን አወቃቀር አልነካም። ከዚያ ጽሑፉን ለተማሪዎች ሰጥቶ የጸሐፊውን ብልህነት እንዲገምቱ ጠየቃቸው። አንባቢዎቹ የበለጠ ብልህ ነው ያሉት የቀለለውን ጽሑፍ ጸሐፊ ነበር።

በ2006 የታተመው ይህ ጥናት ሌላም ነገር ይዟል። ከተጠየቁት የስታንፎርድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች 86 በመቶ ያህሉ፣ ጽሑፋቸው የአዋቂ ጽሑፍ እንዲመስል ብለው ከበድ ያሉ ቃላትን አስገብተው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ብዙዎቹ እንግዲህ ያስከብረናል ብለው የሚያደርጉት ነገር በአንባቢ ዘንድ የሚያስገምታቸው ሆኖ ተገኝቷል። ኦፐንሃይመር በፈላስፋው በዴካርት ጽሑፍ ሁለት ትርጉሞችም ሞክሮታል። አንባቢዎች ጸሐፊው ዴካርት መሆኑ ተነግሯቸው እንኳ ለማንበብ የሚያስቸግረውን ትርጉም ያነበቡት ለብልህነቱ ዝቅ ያለ ግምት ሰጡ።

ከዚህ ተነሥቶ “አጭር ቃል ሁልጊዜ ይሻላል” የሚል ምክር ማውጣት ይቻላል። ምክሩ ግን የዶክትሬት ተማሪን ከግማሽ መንገድ በላይ አያደርሰውም፤ ጥናት ያለ ሙያ ቃል አይጻፍምና። “ፎቶሲንተሲስ”ን ወይም “የዋጋ ግሽበት”ን የሚተካ ቀላል ቃል ፍለጋ መድከም ትርፉ ግርታ ነው። ተማሪው አንድን ቃል ከመጻፉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ዋና ጥያቄ የቃሉ ርዝመት ስንት ነው የሚል አይደለም። ለዚህ ቃል ዋስ መሆን እችላለሁ ወይ የሚለው ነው።

በአገራችን ወግ ዋስ መሆን ቀላል ነገር አልነበረም፤ የተዋሰለት ሰው ከጠፋ የሚያዘውና የሚጠየቀው ዋሱ ነበር። የዶክትሬት ተማሪም እንዲሁ ነው። “አረጋገጠ” ብሎ ከጻፈ ማረጋገጫውን፣ “ምክንያት ሆነ” ብሎ ከጻፈ ምክንያትነቱን እንዲያቀርብ ይጠየቃል። የሚጠይቁት ዲፌንስ ላይ የሚቀመጡት ፈታኞች ብቻ አይደሉም፤ ከዓመታት በኋላ ጥናቱን ከቤተ መጻሕፍት አውጥቶ የሚያነበው እንግዳም ይጠይቃል። የቃል ምርጫ የምሁራንን ጽሑፍ የሚቀርጸው በዚህ መንገድ ነው፤ ጸሐፊው ምን ያህል ኃላፊነት እንደወሰደና ማን ሊመረምረው እንደሚችል የሚወስኑት ቃላቱ ናቸው።

በዚህ ምዕራፍ ነገሩን የምናየው በአንድ አካባቢ ይሆናል፤ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ፣ በኦክላንድ፣ በበርክሊ፣ በስታንፎርድና በሳን ሆዜ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትና የሚማሩበት አካባቢ ነው። ቃላት ከዶክትሬት ተማሪዎችና ከተመራማሪዎች ጠረጴዛ ተነሥተው ዓለምን ሲያዳርሱ፣ አንዳንዴም ሲያቃጥሉ የታዩበትም ነው።

ግስ

የቅኔ ተማሪ ዋሸራም ገባ፣ ጎንጅም ገባ፣ ዋድላም ገባ ግስ ሳያጠና የትም አይደርስም። ሊቃውንቱ ይህን ያሉበት ምክንያት ለምሁራን ጽሑፍም ይሠራል፤ የዓረፍተ ነገሩን ሸክም የሚችለው ግሱ ነው።

የሥነ ልሳን ተመራማሪው ኬን ሃይላንድ የስምንት የትምህርት ዘርፎችን የጥናት ጽሑፎች ሲያነጻጽር፣ የሌላን ሰው ሥራ ለመጥቀስ የሚመረጡት ግሶች ከዘርፍ ዘርፍ እንደሚለያዩ አሳይቷል። ፈላስፎችና የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች እከሌ “ይከራከራል” ወይም “ሐሳብ ያቀርባል” ማለት ያዘወትራሉ። መሐንዲሶች ደግሞ “ገለጸ”፣ “አሳየ”፣ “ሪፖርት አደረገ” ይላሉ። ልዩነቱ የልማድ ብቻ አይደለም። “ይከራከራል” የሚለው ግስ ሌላ ተከራካሪ እንዳለ ያሳውቃል፤ “አሳየ” የሚለው ደግሞ ክርክሩ እንዳለቀ ይነግራል። የሰውን ክርክር “አሳየ” ብሎ የጠቀሰ ተማሪ ሳያውቀው ለዚያ ሰው ዋስ ሆኖለታል።

በራስ ግኝት ላይ ሲሆን ጉዳዩ ይብሳል። አንድ ተማሪ ቁርስ በልተው ትምህርት ቤት የሚመጡ ልጆችን ከማይበሉት ጋር አነጻጸረ እንበል። የበሉት ልጆች ውጤት ከፍ ያለ ሆኖ አገኘው። “ቁርስ የሚበሉ ልጆች ውጤታቸው ከፍ ያለ ነው” ቢል ያየውን ተናገረ። “ቁርስ ውጤትን ያሻሽላል” ቢል ግን ያላየውን ጨመረ። ቁርስ የሚበሉት ልጆች የወላጆቻቸው ገቢ የተሻለ፣ ቤታቸውም ለትምህርት ቤቱ የቀረበ ሊሆን ይችላል። ከ“ከፍ ያለ ነው” ወደ “ያሻሽላል” ሲሻገር ጥናቱ ሌላ ጥናት ሆኗል፤ ልጆቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ክፍል ቁርስ የማቅረብ ያህል ማስረጃ የሚጠይቅ ጥናት። ግሱ የተለወጠው በአንድ ደቂቃ ነው፤ ማስረጃው ግን ባለበት ቆሟል።

በዚህ ረገድ የሚያኮራ ምሳሌ አለን። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ በስታንፎርድ ለዶክትሬቷ ስትሠራ፣ ከባልደረቦቿ ጋር 50 ሚሊዮን የጎግል የመንገድ ፎቶግራፎችን ከ200 የአሜሪካ ከተሞች ወስዳ በኮምፒውተር አስመረመረች። በፎቶዎቹ ውስጥ የሚታዩትን የመኪና ዓይነቶች በመለየት ስለየሰፈሩ ነዋሪዎች ገቢ፣ ትምህርትና የምርጫ ዝንባሌ መገመት እንደሚቻል ተገኘ። ሴዳን መኪኖች ከፒክአፕ የሚበዙበት ከተማ በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ለዴሞክራቶች የመምረጥ ዕድሉ 88 በመቶ፣ ፒክአፕ የሚበዛበት ደግሞ ለሪፐብሊካኖች የመምረጥ ዕድሉ 82 በመቶ ሆነ። ይህን የመሰለ ግኝት የያዘ ሰው በርዕሱ ላይ “ያውቃል” ወይም “ይለያል” ብሎ ለመጻፍ ይፈተናል። በ2017 የታተመው ጽሑፍ ርዕስ ግን የመረጠው ግስ “መገመት” የሚል ነው። ሥራው የሠራው ያንኑ ስለሆነ ግሱ ከማስረጃው አልተረፈም፣ አላነሰምም።

ማለሳለሻ

በ1965 የበርክሊው ፕሮፌሰር ሎትፊ ዛዴ አንድ የሒሳብ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ “ረጃጅም ሰዎች” የሚባል ስብስብ ጥርት ያለ ድንበር የለውም፤ አንድ ሰው በከፊል አባል ሊሆን ይችላል፤ የአባልነቱም መጠን ከዜሮ እስከ አንድ ባለ ቁጥር ሊለካ ይችላል። ዛዴ ስብስቡን “ደብዛዛ” የሚል ትርጉም ባለው “ፈዚ” በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሰየመው። ለሒሳብ የማይመጥን ስም ነው ብለው የተቹት ብዙ ነበሩ። እሱ ግን ነገሩን በትክክል የሚገልጸው ቃል ያ ነው ብሎ ጸና። ቃሉ ንቀትን ሲስብበት ኖረ፤ ነገር ግን ሐሳቡን ከሌሎች ሐሳቦች ለይቶ አቆመው። በ1987 የጃፓኗ የሰንዳይ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ፍሬንና ፍጥነቱን በዚሁ ስልት መቆጣጠር ጀመረ።

የዛዴን ሥራ ያነበበው ሌላው የበርክሊ ሰው፣ የሥነ ልሳን ሊቁ ጆርጅ ሌኮፍ፣ በ1972 ትኩረቱን አነስተኛ በሚመስሉ ቃላት ላይ አደረገ፤ “ምናልባት”፣ “በመጠኑ”፣ “በአብዛኛው”፣ “እንደ ማለት ነው” በሚሉት ዓይነቶች ላይ። የእነዚህ ቃላት ሥራ ነገሩን ይበልጥ ደብዛዛ ወይም ይበልጥ ጥርት ያለ ማድረግ እንደሆነ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የምሁራንን ጽሑፍ የሚያጠኑ ሁሉ በእነዚህ ማለሳለሻ ቃላት ላይ ብዙ ሠርተዋል፤ ያለ እነሱ ሳይንስ እንደማይጻፍም ተረድተዋል።

አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። “ነው” በሚለውና “አይደለም” በሚለው መካከል “ይመስላል”፣ “ሊሆን ይችላል”፣ “ሳይሆን አይቀርም”፣ “ይባላል”፣ “አሉ” ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱም የተለያየ የእርግጠኝነት ደረጃ አለው። “መጥቷል” ያለ ሰው አይቷል፤ “መጥቷል አሉ” ያለ ሰው ሰምቷል፤ “ሳይመጣ አይቀርም” ያለ ሰው ደግሞ ከምልክት ተነሥቶ ደምድሟል። በዚህ ቋንቋ ያደገ ተማሪ ማስረጃን በደረጃው ማስቀመጥ ከልጅነቱ ያውቅበታል።

በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዳንዱ ማለሳለሻ ፍርሃት ይመስለዋልና ሁሉንም “ያለ ጥርጥር” ይላል። ሌላው ደግሞ ትሕትና ነው ብሎ “ምናልባት ሊሆን የሚችል ይመስላል” እያለ ሦስት ማለሳለሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይደራርባል፤ በመጨረሻም ምንም ያላለ ይሆናል። ሁለቱም ከማስረጃቸው ጋር አልተመዛዘኑም። ደህና ማለሳለሻ የጥርጣሬውን ቦታ በትክክል ያመለክታል። “ናሙናው ከአንድ ወረዳ ብቻ ስለተወሰደ ውጤቱ ለክልሉ በሙሉ ላይሠራ ይችላል” የሚለው ዓረፍተ ነገር የት ላይ እንደሚጠራጠርና ለምን እንደሚጠራጠር ይናገራል። “ውጤቱ ምናልባት ትክክል ላይሆን ይችላል” የሚለው ግን አንባቢውን ጨለማ ውስጥ ይተወዋል።

ድንበር የተሻገረ ቃል

ታኅሣሥ 18 ቀን 1996 የኦክላንድ ከተማ የትምህርት ቦርድ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። የቦርዱ ጭንቀት እውነተኛ ነበር። በወረዳው ትምህርት ቤቶች ካሉት ተማሪዎች 53 በመቶ የሚሆኑት ጥቁር አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ ልዩ ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል ተብለው ከተለዩት መካከል ግን 71 በመቶውን ይይዙ ነበር፤ አማካይ ውጤታቸውም ከአራት 1.80 ነበር። ቦርዱ የእነዚህ ልጆች የቤት ቋንቋ፣ ኢቦኒክስ የሚባለው፣ በትምህርት ቤት ዕውቅና አግኝቶ መደበኛውን እንግሊዝኛ ለማስተማር እንዲያግዝ ፈለገ። “ኢቦኒክስ” የሚለውን ቃል በ1973 የፈጠረው የሥነ ልቦና ምሁሩ ሮበርት ዊልያምስ ነው።

በውሳኔው ውስጥ ግን ቋንቋው የአፍሪካ ቋንቋዎችን “ጀነቲክ” መሠረት የያዘ እንደሆነ የሚገልጽ ቃል ገባ። የሥነ ልሳን ሊቃውንት “ጀነቲክ” ሲሉ ታሪካዊ ዝምድና ማለታቸው ነው፤ አማርኛና ትግርኛ በዚህ አነጋገር ጀነቲክ ዝምድና አላቸው፤ ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው ማለት ነው። ጋዜጣ የሚያነበው ሕዝብ ግን ቃሉን የሚያውቀው ከደምና ከዘር ጋር ነው። ጥቁር ልጆች እንግሊዝኛ የሚቸገሩት በተፈጥሯቸው ነው የተባለ መስሎት አገሩ በሙሉ ተቆጣ። ቦርዱ ኢቦኒክስን በእንግሊዝኛ ፈንታ ሊያስተምር ነው የሚል ወሬም ተነዛ።

ሊቃውንቱ ዝም አላሉም። የአሜሪካ የሥነ ልሳን ማኅበር በጥር 1997 መጀመሪያ፣ የስታንፎርዱ ጆን ሪክፎርድ ባዘጋጀው የአቋም መግለጫ፣ የጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር እንደማንኛውም ቋንቋ የራሱ ሥርዓትና ሕግ ያለው መሆኑን አስረዳ፤ የቦርዱንም የማስተማር ሐሳብ ደገፈ። ቦርዱ ጥር 15 ቀን 1997 ውሳኔውን አሻሽሎ ያንን ቃል አወጣ። በዚያን ጊዜ ግን ክርክሩ ልጆቹን ትቶ በቃሉ ላይ ሆኖ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል ይህ ነው።

ከኦክላንድ የሚገኘው ትምህርት ለዛሬ የዶክትሬት ተማሪዎች ቅርብ ነው። በካሊፎርኒያ የ1960ው የከፍተኛ ትምህርት ማስተር ፕላን ዶክትሬት መስጠትን በዋናነት ለእነ በርክሊ ሰጥቶ ነበር፤ በ2005 የወጣ ሕግ ግን እንደ ሳን ሆዜ ስቴት ላሉት የክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች በትምህርት ዘርፍ የራሳቸውን ዶክትሬት እንዲሰጡ ፈቀደላቸው። በዚህ መንገድ የሚመረቁት ትምህርት ቤቶችን የሚመሩ ሰዎች ናቸው። ጽሑፋቸውን ዛሬ ፈታኝ፣ ነገ የትምህርት ቦርድ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ወላጅ ያነበዋል። በአንዱ ክፍል ውስጥ የማይጎዳ ቃል በሌላው ሊያቃጥል ይችላል።

ከእነዚህ ቃላት ሁሉ በብዛት ሰው የሚያሳስተው በስታትስቲክስ “ጉልህ” የሚባለው ነው። ለስታትስቲክስ ባለሙያ “ጉልህ ልዩነት” ማለት በአጋጣሚ ብቻ ይመጣል ለማለት የሚያስቸግር ልዩነት ነው። ለሌላው ሰው ግን “ትልቅና ጠቃሚ” ማለት ነው። ሃምሳ ሺህ ሰው በተመዘነበት ጥናት የግማሽ ኪሎ ልዩነት ጉልህ ሊባል ይችላል፤ ለማንም ግን ላይጠቅም ይችላል። በ2019 የአሜሪካ የስታትስቲክስ ማኅበር መጽሔት በርዕሰ አንቀጹ ተመራማሪዎች ቃሉን ጨርሰው እንዲተዉት መከረ። መተው የማይፈልግ ተማሪ ቢያንስ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ በቃሉ አጠገብ በቁጥር ይጻፍ።

አንድ ሐሳብ በሁለት ቋንቋ

በሳን ሆዜ የአይቢኤም የምርምር ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ በ1970 መረጃን ኮምፒውተር ውስጥ ስለማስቀመጥ አንድ ጽሑፍ አወጣ። መረጃው በሒሳብ “ሪሌሽን” በሚባለው ቅርጽ ይቀመጥ አለ፤ መጠየቂያውንም በሎጂክና በአልጀብራ ምልክቶች ጻፈ። ምልክቶቹ ለሐሳቡ ጥንካሬ ሰጡት፤ ትክክለኛነቱ በሒሳብ ሊፈተን ቻለ። በእጃቸው መረጃ ይዘው መልስ የሚፈልጉ የባንክና የመጋዘን ሠራተኞች ግን ሊያነቡት አልቻሉም።

እዚያው ቤተ ሙከራ የነበሩት ዶናልድ ቼምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በ1974 ያንኑ ሐሳብ በሌላ ቃል ጻፉት። “ሪሌሽን” የተባለው “ሠንጠረዥ” ሆነ፤ ምልክቶቹም “ምረጥ”፣ “ከዚህ”፣ “እንዲህ ከሆነ” የሚል ትርጉም ባላቸው ተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ተተኩ። ኤስኪውኤል የሚባለው ቋንቋ የተጀመረው እንዲህ ነው። ዛሬ ከባንክ እስከ ሆስፒታል መረጃ የሚጠየቀው በእሱ ነው።

ከሁለቱ አንዱን መናቅ ስሕተት ይሆናል። የኮድ ቃላት ባይኖሩ የቼምበርሊንና የቦይስ ሠንጠረዥ መሠረት አይኖረውም ነበር፤ የእነሱ ቃላት ባይኖሩ ደግሞ የኮድ ሐሳብ ከጥቂት የሒሳብ ሰዎች እጅ አይወጣም ነበር። የዶክትሬት ተማሪ ሁለቱንም መቻል አለበት። በዘዴው ምዕራፍ ቃሉ እንደ ኮድ ጠባብና የተበየነ ይሁን፤ በመግቢያውና በመደምደሚያው እንደ ቼምበርሊንና ቦይስ ለሚጠቀምበት ሰው ይድረስ። ሁለቱን መቀላቀል፣ ማለትም መግቢያውን በሙያ ቃል መዝጋትና ዘዴውን በለሰለሰ ቃል መሸፈን፣ ጥናቱን ከሁለቱም አንባቢዎች ያሳጣዋል።

ስም የሚያወጣ ሰው

ለነገሮች ስም ማውጣት የተመራማሪ ትልቁ ሥልጣን ነው፤ የተሰየመው ነገር የት እንደሚፈለግ የሚወስነው ስሙ ነውና።

የስታንፎርዱ አሞስ ትቨርስኪና ባልደረባው ዳንኤል ካነማን በ1981 ያሳተሙት ሙከራ ይህን በቁጥር አሳይቷል። 600 ሰው ይገድላል የተባለ በሽታ መጣ እንበል አሉ። አንዱ መፍትሔ “200 ሰው ያድናል” ተብሎ ሲቀርብ 72 በመቶ የሚሆኑት መረጡት። ያው መፍትሔ “400 ሰው ይሞታል” ተብሎ ለሌሎች ሲቀርብ የመረጡት 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስሌቱ አንድ ነው። መጠይቅ የሚያዘጋጅ ተማሪ ይህን ልብ ይበል፤ የጥያቄው ቃል መልሱን አስቀድሞ ሊጽፈው ይችላል።

ለእኛ ከዚህ የሚቀርበው ምሳሌ ወሎ ነው። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናት በ1973ቱ የወሎ ረሃብ ላይ አንድ ምዕራፍ ሰጥቷል። ከሱ በፊት ረሃብ በአብዛኛው “የምግብ እጥረት” ተብሎ ይጠራ ነበር። ሴን ሁለት ነገሮችን ለየ፤ የሚበላ ምግብ አለመኖርንና ሰው ያለውን ምግብ ማግኘት አለመቻሉን። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ ምርቱ ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ አሳየ። ገበሬው የሞተው ሰብሉና ከብቱ ሲጠፋ የሚገዛበት አቅም አብሮ ስለጠፋ ነው አለ። “እጥረት” የሚለው ስም መንግሥትን ወደ ጎተራ ይመራዋል፤ “ማግኘት አለመቻል” የሚለው ግን ወደ ገበሬው ኪስ፣ ወደ ሥራና ወደ ገበያ ይመራዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች ሴንን ስለ ወሎ አጥብቀው ተከራክረውታል። ሊከራከሩት የቻሉት ቃሉ ጥርት ያለ ስለነበር ነው፤ ምን እንዳለ ያውቁ ነበር፣ ዋጋውንና ምርቱንም ዳግም መመርመር ችለዋል።

ትምኒት ገብሩም ስም በማውጣት ትታወቃለች። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምራ በኤሌክትሮኒክስ ሥራ ላይ ስለነበረች፣ እያንዳንዱ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራና የት መዋል እንደሌለበት የሚገልጽ “ዳታሺት” ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለች። የሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚማርባቸው የመረጃ ስብስቦች ግን ከየት እንደመጡ እንኳ የሚገልጽ ወረቀት አልነበራቸውም። ከባልደረቦቿ ጋር ለእነሱም “ዳታሺት” ይዘጋጅ የሚል ሐሳብ ስታቀርብ ቃሉን ከራሷ ሙያ አመጣችው። ቃሉ ለመሐንዲሶች የቆየ ግዴታን ስለሚያስታውስ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

በ2021 ከኤሚሊ ቤንደርና ከሌሎች ጋር ባወጣችው ጽሑፍ ደግሞ ትላልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ትርጉሙን ሳይረዱ በዕድል ስሌት ቃል የሚቀጣጥሉ በቀቀኖች ተባሉ። “ስቶካስቲክ ፓሮት” የሚለው ይህ ስም ዓለምን አዳረሰ፤ የአሜሪካ የዘዬዎች ማኅበርም ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር የተያያዘ የ2023 ቃል ብሎ መረጠው። ይህን ያህል የሚይዝ ስም ግን ዕዳም አለበት። “በቀቀን” የሚለው ቃል ማሽኑ አይረዳም የሚል ክርክር በውስጡ ይዟል፤ ተቃዋሚዎችም ስሙ ክርክሩን ከማስረጃው በፊት ጨርሶታል ይላሉ። ጠንካራ ስም ያወጣ ተመራማሪ ጠንካራ ማስረጃ ይዞ ሊቆም ይገባዋል።

ቃሉን ማሽን ሲመርጠው

ኅዳር 30 ቀን 2022 መቀመጫው ሳን ፍራንሲስኮ የሆነው ኦፕንኤአይ ቻትጂፒቲን ለሕዝብ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የተማሪ ቃል ሁለት አዳዲስ ፈተናዎች ገጥመውታል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2023 ባሳተሙት ጥናት፣ ጽሑፍ በማሽን የተጻፈ መሆኑን እንለያለን የሚሉ ሰባት መሣሪያዎችን ፈተሹ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና በእጃቸው የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ሲሰጧቸው፣ መሣሪያዎቹ በአማካይ 61 በመቶ ያህሉን ማሽን ጻፈው ብለው ከሰሱ። ምክንያቱ ከቃል ምርጫ ጋር የተያያዘ ነው። መሣሪያዎቹ የሚለኩት ቀጣዩ ቃል ምን ያህል ያልተጠበቀ እንደሆነ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው ደግሞ የተለመዱ ቃላትን ይመርጣል። የድርሰቶቹ ቃላት እንዲራቀቁ ሲደረግ ክሱ በጣም ቀነሰ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ግልጽ የሚጽፍ ስደተኛን ይቀጣል። ዩኒቨርሲቲዎች በሱ ብቻ ተማሪን ሊከሱ አይገባም፤ ይህ የፍትሕ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ቃልን ለማሽን መተው ነው። ከ15 ሚሊዮን በላይ የሕክምና ምርምር አኅጽሮተ ጽሑፎችን የመረመረ፣ በ2025 የታተመ ጥናት ከቻትጂፒቲ በኋላ አንዳንድ ያማሩ ቃላት በድንገት እንደበዙ አሳይቷል፤ ከ2024ቱ አኅጽሮተ ጽሑፎች ቢያንስ 13.5 በመቶው በማሽን እንደታረመም ገምቷል። ፊደልና ሰዋስው ማሳረም ነውር የለበትም፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ ማሽኑ “ይጠቁማል” የሚለውን “በጉልህ ያረጋግጣል” ብሎ ሲያሳምረው ነው። ዓረፍተ ነገሩ አምሮ ይወጣል፤ ማሽኑ ግን ዲፌንስ ላይ አይቀርብም። የሚጠየቀው ተማሪው ነው።

ገጽን ቃል በቃል መመርመር

ይህን ሁሉ ወደ ሥራ መለወጥ ይቻላል። አንድ ምዕራፍ ሲያልቅ ተማሪው ግሶቹን ብቻ እያሰመረ ያንብብ፤ በእያንዳንዱ ግስ አጠገብም የትኛው ሠንጠረዥ ወይም የትኛው ቃለ መጠይቅ እንደሚደግፈው ይጻፍ። ደጋፊ ያልተገኘለት ግስ ዝቅ ይበል ወይም ይውጣ። በሁለተኛው ንባብ ማለሳለሻዎቹን ይፈልግ፤ እያንዳንዱ ምን እንደሚጠራጠር መናገር ካልቻለ ይሰረዝ። በሦስተኛው ንባብ ቁልፍ ቃላቱን ይያዝ። አንዱን ነገር በሁለተኛው ገጽ “ተሳትፎ”፣ በሃያኛው “ተነሣሽነት”፣ በሃምሳኛው “ፍላጎት” ብሎ ከጠራው፣ አንባቢው ሦስት ነገሮች እንደተለኩ ያስባል። በትምህርት ቤት ድርሰት ቃል መደጋገም ነውር ነው ተብለን አድገናል፤ በጥናት ውስጥ ግን አንድ ነገር አንድ ስም ይኑረው።

አራተኛው ንባብ ከወረቀቱ ውጭ ነው። ተማሪው ግኝቱን ለእናቱ ወይም ለታላቅ ወንድሙ በአማርኛ ያስረዳ። በእንግሊዝኛ ውስጥ ተሸሽጎ የቆየው ክፍተት በአማርኛ ይጋለጣል፤ በእናት ቋንቋ “ምን ማለት ነው?” ተብሎ መጠየቅ ማምለጫ የለውምና። አማካሪዎችም ድርሻ አላቸው። በተማሪ ገጽ ኅዳግ ላይ “አሻሽል” ብሎ ከመጻፍ ይልቅ “ይህን ግስ የሚደግፈው ምንድን ነው?” ብሎ መጻፍ አንድ ዓመት ያተርፋል።

ዶክትሬት ማለት በመጨረሻ ይህ ነው፤ አንድ ሰው በማኅበረ ምሁራን ፊት “ይህን ያህል አውቃለሁ፣ ከዚህ በላይ አላውቅም፣ መርምሩኝ” ማለት ሲችል የሚሰጥ ማዕረግ። ያንን መስመር የሚያሰምሩት ቃላቱ ናቸው። ስለ አገራቸው ድርቅ፣ ስለ ትምህርት ቤቶቻቸውና ስለ ሕዝባቸው ጤና የሚጽፉ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ቃላቸው ከወረቀት ወጥቶ በሰው ሕይወት ላይ ይወስናል። ስለዚህ ሊመረመር የሚችል ቃል ይምረጡ፤ ተመርምሮ ቢወድቅ እንኳ ቀጣዩን ተመራማሪ ወደ እውነት ያቀርበዋል። ሊመረመር የማይችል ቃል ግን ትክክል ቢሆንም ባይሆንም ለማንም አይጠቅምም።